አራቱ ፍሬቻ በቀጥቃጩ ደጅ

በሞተር ሳይክላችሁ ቁልፍ ላይ የቤታችሁን፣ የቢሯችሁን፣ የሣጥናችሁንና የእህታችሁን ቤት ቁልፍ ጭምር አንጠልጥላችሁ የምትነዱ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው መጀመሪያ ለእናንተ ነው። ስንቱን መክሬ ደከመኝ! “ቁልፍ ደግሞ ምን ይጎዳል?” ይሉኛል ዓይናቸውን በጨው አጥበው። ምን እንደሚጎዳ ጂንካ ላይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣና እንነጋገር። አልኮራም ብል ውሸቴን ነው፤ እኮራለሁ። ለምን እንደምኮራ ግን ለማስረዳት አንድ ተራ የቁልፍ ዘለላ ሕይወቴን እንዴት እንደገለበጠው ከሥሩ መናገር አለብኝ።

ነገሩ የሆነው ሞባይል ስልክ ጂንካ ሳይገባ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በጋሽ ተፈራ ጋራዥ የሞተር ሳይክል ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ጋሽ ተፈራ አያታቸው ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ሲቆጡ ማርሚታው ከወለቀ ሞተር የባሰ የሚጮሁ፣ ሆዳቸው ግን ቂም የማያውቅ ሰው ነበሩ። ሦስት ነን፤ እሳቸው፣ ሞተር አውርዶ የሚጠግነው ደምሴና እኔ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ደምሴ ከመንገዱ ማዶ ካለው ምግብ ቤት አንድ ትሪ ያመጣል። ግሪሱን በላርጎ ፈግፍገን ሦስታችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን። ይህችን ትሪ ያዙልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ጭንቅ እሷ ናት።

ከየት ነህ ሲሉኝ “ከገዘር መንገድ፣ የገበሬ ልጅ ነኝ” እል ነበር። መንገዱ እውነት ነው፤ ገበሬው ውሸት ነው። አባቴ ቀጥቃጭ ነው። በእኛ በአሪ ቀጥቃጭ “ማና” ይባላል። በዚያን ጊዜ ገበሬው ማረሻውን ከማና ይገዛል እንጂ ማና ቤት ገብቶ እህል አይቀምስም፣ ልጁንም አይድርለትም። ከተማውም ቢሆን “ቀጥቃጭ” የምትለዋን ቃል ከንፈሩን ሳያጣምም አይጠራትም ነበር። ስለዚህ ደበቅሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ትሪ ስበላ እያንዳንዷን ጉርሻ የሰረቅኋት ይመስለኝ ነበር። ቢያውቁስ? የሚለው ሐሳብ ከእንጀራው ጋር አብሮ ይወርዳል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ዶክተር ማርቆስ ሞተሩን እየገፋ መጣ። ዶክተር የምንለው ከብት አርቢው ሁሉ እንዲያ ስለሚጠራው ነው እንጂ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። እሱም የአሪ ሰው ነው፤ ከገበሬ ቤተሰብ፣ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ገና ከሩቅ መምጣቱን ያወቅነው በቃጭሉ ነው። በቁልፉ ላይ፣ ከቢሮው፣ ከመድኃኒት ቤቱ፣ ከማቀዝቀዣውና ከመኖሪያ ቤቱ ቁልፎች ጋር፣ በጨሌ በተሠራ ማንጠልጠያ አንድ የብረት ቃጭል ታስሮበታል። ወይጦ አካባቢ ያሉ አርቢዎች ፍየሎቻቸውን ስላዳነላቸው የሰጡት ነው። ሞተር በመንገዱ ብዙ ያልፋል፤ ቃጭል ያለው ሞተር ግን አንድ ነው። እሱ መንደር ደርሶ ሲያቃጭል ሰዉ ፍየሉን እየሰበሰበ ይመጣለታል። አያችሁ፣ የሥራ መሣሪያው ነበር።

“ጋሽ ተፈራ፣ ዛሬ አደራ!” አለ ገና ሳያቆመው። “ጉድጓድ በገባ ቁጥር ቀጥ! መልሼ ስረግጠው ይነሳል። መቶ ሜትር ሄዶ ደግሞ ቀጥ!”

“ካንዴላ?” አሉት ጋሽ ተፈራ።

“ቀየርኩ። ባትሪ ቀየርኩ። ካርቡሬተር አሳጠብኩ። የቢሮው መኪና ኦሞራቴ ሄዷል፤ ወይጦ ደግሞ ፍየሉ እያለቀ ነው።” ከኋላ የታሰረውን የበረዶ ሣጥን መታ መታ አደረገው። “ክትባቱ እዚህ ውስጥ ነው። በረዶው እስከ ነገ ረፋድ ቢቆይ ነው። ከዚያ ካለፈ ውሃ ነው የምወጋቸው።”

ደምሴ ከተኛበት ሞተር ሥር ሆኖ “ዳይሬክት እናድርገዋ!” ብሎ ጮኸ። ዳይሬክት ማለት ቁልፉን ትቶ ሽቦውን ከሽቦ ማጣመም ነው፤ የሰነፍ መካኒክ መድኃኒት።

ማርቆስ ደሙ ፈላ። “ዳይሬክት የምትባል ቃል አትጥራብኝ! ባለፈው ወር ዳይሬክት አድርገህልኝ የለ? ሽቦው ከታንከሩ ሥር ተላልጦ ጢስ በጢስ አደረገኝ። በረሃ መሀል ቆሜ ክትባቱ እጄ ላይ ቀለጠ። ሰዎቹ ፍየላቸውን ይዘው ቀኑን ሙሉ ጠብቀውኝ ነበር እኮ! አሁን ሁለተኛ ብቀርባቸው ቃጭሉን አንስተው ይወስዱብኛል፤ እውነታቸውንም ነው።”

ጋሽ ተፈራ ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ፣ የሽቦው ሰው! ምን ትላለህ?”

እኔ ልማዴ ነው፣ ሞተር ሳልነካ መጀመሪያ አየዋለሁ። ይህ ሞተር ያረጀ ነው፤ ቁልፉ የሚገባው ከታንከሩ ሥር በጎን በኩል ነው። አንድ ነገር ደግሞ ነበረው። ወይጦ መንገድ ማምሻውን በከብት ስለሚዘጋ፣ ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ብልህ ሰው አራቱም ፍሬቻ ባንድ ጊዜ ብልጭ ድርግም የሚሉበት ማብሪያ ጨምሮበታል። የሱን ሽቦ በጣቴ ተከትዬ ሄድሁ፤ ቁልፉን ሳይረግጥ ቀጥታ ከባትሪ የመጣ ነው። የግራና የቀኙ ፍሬቻ ግን በቁልፉ በኩል ያልፋል። ልቤ ያኔውኑ ደስ አለው። አንድ ቤት ሁለት በር ካለው፣ የትኛው በር እንደተበላሸ ማወቅ ቀላል ነው።

“ዶክተር፣ ይምጡ ይዩ” አልኩት። አራቱን ፍሬቻ አበራሁና ሞተሩን በሁለት እጄ ይዤ እንደ ወንፊት ነቀነቅሁት። ፍሬቻዎቹ ደህና አድርገው ብልጭ ድርግም ይላሉ። “ባትሪው ደህና ነው። ፊውዙ ደህና ነው። ፍሬቻውን የሚያርገበግበው ፍላሸርም ደህና ነው።” አጠፋሁት። ቁልፉን ከፍቼ የቀኙን ፍሬቻ ብቻ አበራሁና እንደገና ነቀነቅሁት። ጠፋ። በራ። ጠፋ። ከዚያ የቁልፉን ዘለላ በመዳፌ ደግፌ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩና በጉልበቴ ሞተሩን አንገጫገጭሁት። አልጠፋም!

“ሞተርዎን የሚያጠፋው ካንዴላ አይደለም” አልኩት። “የቁልፉ ውስጥ ነው። ኮረንቲው እዚያ ደርሶ መሻገሪያ ያጣል።”

“ጎሽ!” አሉ ጋሽ ተፈራ። ደምሴም ሳይወድ በግዱ ከሞተሩ ሥር ብቅ ብሎ አየ።

ቁልፉን ፈትቼ ከፈትሁት። ውስጡ ከቁልፉ ጋር የሚዞር ፕላስቲክ አለ፤ በላዩ ላይ ከጥፍር የማትበልጥ የነሐስ ድልድይ ተቀምጣለች። ሁለቱን ሽቦ የምታገናኘው እሷ ናት። ተበልታ ተበልታ እንደ ወረቀት ሳስታለች፤ ከሥሯ ያለችው ስፕሪንግም ደክማለች። ለዚህ ሞተር ቁልፍ ጂንካ ላይ የለም። ጋሽ ተፈራ ሱቆቹን ሁሉ አስጠይቀው ነበር፤ ከአርባ ምንጭ ቢታዘዝ ቀናት ይፈጃል፣ እሱም ከተገኘ። ቆርቆሮ ብቆርጥላት ትቃጠላለች፤ መዳብ ሽቦ ብጠቀልልባት በመጀመሪያው ጉድጓድ ትወድቃለች። ነሐስ ቀጥቅጦ፣ ልክ አውጥቶ፣ ጫፎቿን እንደ ጡት ጫፍ አሞልሙሎ የሚሠራ እጅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ እጅ ደግሞ አውቃለሁ። በዚያ እጅ ነው ያደግሁት።

ድልድይቷን በመዳፌ ይዤ ቆምኩ። ብናገር ትሪው አለቀ። ዝም ብል ፍየሉ አለቀ። ማንም አያውቅብኝም፣ “አይቻልም” ብል ማንም አይፈርድብኝም ነበር። ማርቆስ የበረዶ ሣጥኑን ከሞተሩ አውርዶ ወደ ጥላው እየገፋ ነው፤ ፀሐይ እንዳታገኘው። ምኑ እንደነካኝ እንጃ፣ ያ አገፋፉ አንጀቴን በላው።

“የሚሠራው ሰው አለ” አልኩ።

“ማን?” አሉ ጋሽ ተፈራ።

“አባቴ። ወደ ገዘር መንገድ ላይ ነው።”

“አባትህ ገበሬ አይደለም እንዴ?”

ካፈርኩ አይመልሰኝ አልሁና ጨረስሁት። “ቀጥቃጭ ነው ጋሼ። ዋሽቻችሁ ነው።”

ደምሴ ካቻቢቴውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። “ሁለት ዓመት ሙሉ! ከእኔ ጋር፣ ባንድ ትሪ!” አለ፤ ቁጣ ብቻ ሳይሆን መጸየፍም ነበረበት። እጁን በሱሪው ጠረገ። ማርቆስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳና መሬት መሬት አየ። እሱ የአሪ ሰው ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ጋሽ ተፈራ ብቻ፣ “ሰዓቱ ይሄዳል። ከሄዳችሁ ሂዱ!” ብለው ሣጥኑን ራሳቸው አንስተው ወደ ውስጥ አስገቡት። ፊታቸውን ማንበብ አልቻልኩም።

ቁልፉን እንደነበረ ገጥሜ ከማርቆስ ጀርባ ተቀመጥሁ። ዘለላው እንዳይወርድ በግራ እጄ ጎንበስ ብዬ ደግፌ ይዣለሁ። ዳገቱን እንዲያ ሆነን ወጣን፤ እሱ ይነዳል፣ እኔ ቁልፉን እንደ ሕፃን ታቅፌያለሁ። አንዴ ዝንብ ልመታ እጄን ባነሳ ሞተሩ ቀጥ አለ። ያለዚያ አልጠፋም።

እኛ መንደር ስንደርስ ማርቆስ ዙሪያውን ተመለከተ። ሴቶች እንጨት ተሸክመው ያልፋሉ። “ሞተሩን ከእንሰቱ ኋላ ብናደርገው አይሻልም?” አለኝ ዝግ ብሎ። “ፀሐይ እንዳይመታው።” ሰማዩ ደመና ነበር። ገባኝ። ገፍቼ ከእንሰቱ ኋላ ደበቅሁለት። ያን ቀን የበላኝን ብስጭት አሁንም አልረሳውም።

አባቴ ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ማጭድ ይስላል። ከሠርግና ከለቅሶ በቀር በሥራ ሰዓት ወደ ቤት መጥቼ ስለማላውቅ ደነገጠ። የሞተሩን ቁልፍ ዳግመኛ ፈትቼ ድልድይቷን አወጣሁና ነገሩን በአሪኛ አስረዳሁት። ድልድይቷን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ ያዛት፤ ሞተር በሕይወቱ አልነካም።

“ይቺ ነገር ትንሸራተታለች ወይስ ትጫናለች?” አለኝ።

እናንተዬ፣ ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው! እኔ እንኳን አልጠየቅሁትም ነበር። “ተንሸራታ መጥታ ትጫናለች” አልኩት።

“እንግዲያው አናቷ ጠንካራ፣ ወገቧ ለስላሳ መሆን አለባት” አለ። ከቆዳ ከረጢቱ አንድ የጥይት ቀለህ አወጣ፤ አምባር የሚሠራበት ነው። ሰንጥቆ ዘረጋው፣ አግሎ ውሃ ውስጥ ነከረው፣ በመቀጥቀጫው ብረት፣ በመስፉ ላይ አድርጎ በትንሿ መዶሻ ቲክ ቲክ ቲክ ማድረግ ጀመረ። እኔ ወናፉን ነፋሁ። እጄ አልረሳውም ነበር። ማርቆስ በሩ ላይ ቆሟል፤ አልገባም፣ አልወጣም።

እናቴ የተቀቀለ ጎደሬና ጎመን በሳህን አምጥታ አንገቷን ደፍታ አቀረበችለት። ማርቆስ ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ። “እግዜር ይስጥልኝ፣ ጾም ላይ ነኝ” አለ።

ጎደሬና ጎመን እኮ የጾም ምግብ ነው! እናቴ ሳህኑን መልሳ ይዛ ገባች። አባቴ ከሥራው ቀና ሳይል፣ ሳይቆጣም፣ “ምንም አይደል። እኛ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ ጾመኛ ነው” አለ። መዶሻውን ቀጠለ። ማርቆስ ፊቱ ጠቆረ። እኔ ወናፉን እንዴት እንደነፋሁት አላውቅም፣ ከሰሉ እስኪበተን ድረስ ነው የነፋሁት።

አባቴ አዲሷን ድልድይ በሞረድ እያለሰለሰ አሮጌዋን እንደገና አነሳት። “ይህን የበላው አቧራ አይደለም” አለ። “አቧራ ዙሪያውን ነው የሚበላ። ይቺ ወደ ታች በኩል ብቻ ነው የተበላችው። ክብደት ነው። ምን ተንጠልጥሎበት ነበር?”

እኔና ማርቆስ ተያየን። እኔ የሽቦው ሰው የት እንደተበላሸ አገኘሁ እንጂ ለምን እንደተበላሸ አልጠየቅሁም። ሄጄ የቁልፉን ዘለላ አመጣሁለት። አባቴ በእጁ መዘነው፣ ከዚያ ቃጭሉን ገልብጦ ውስጡን አየና መሳቅ ጀመረ። ሲስቅ ትከሻው ሁሉ ይስቃል።

“ይህ የፍየል አንገት ላይ የሚታሰር ነው! ፍየል አንገት አላት፤ የአንተ ሞተር አንገት የለውም። ቀኑን ሙሉ ሲወዛወዝ ይህቺን ምስኪን እንደ ሞረድ በላት። ይህን ቃጭል ደግሞ የሠራሁት እኔ ነኝ። ምላሱን ተመልከት፤ እንዲህ ጠምዝዤ የማስረው እኔ ብቻ ነኝ። ገዘር ገበያ ላይ የሸጥሁት ነው፤ ወይጦ ድረስ ሄዷል ማለት ነው?”

ማርቆስ ለመጀመሪያ ጊዜ ደፉን ተሻግሮ ገባ። አጎንብሶ የቃጭሉን ምላስ አየ። “ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው የሚጠራልኝ ይሄ ነው” አለ። ድምፁ ተለውጦ ነበር።

ስፕሪንጓን ከማርቆስ እስክሪብቶ አውጥቼ ቆረጥኋት። ድልድይቷን ገጥሜ ቁልፉን ዘጋሁ። አባቴ ሦስት ጊዜ አስወጥቶ እንደገና አስሞረደኝ፤ “ትንሽ ትነቃነቃለች፣ አልወደድኳትም” እያለ። አራተኛው ላይ ቁልፉ ሲዞር “ጠቅ” አለ፤ ያቺ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለች። የቀኙን ፍሬቻ አበራሁ፣ ሞተሩን ነቀነቅሁት። አልጠፋም። ዘለላውን ሁሉ አንጠልጥዬ ነቀነቅሁት። አልጠፋም! አባቴ ግን ቃጭሉን ፈትቶ በጠፍር መሪው ላይ አሰረለት። ቁልፎቹን ሁሉ ለየና “ለሞተሩ አንድ ቁልፍ ይበቃዋል። የቀረውን ኪስህ ይሸከም” አለው።

ማርቆስ ዋጋ ጠየቀ። አባቴ “ፍየሎቹ ሲድኑ ንገረኝ” ብሎ ማጭዱን አነሳ።

ጋራዥ ደርሰን ሣጥኑን ስናነሳ ደምሴ ፊቱን አዞረ። ማርቆስ “አንተም ትመጣለህ፤ ቢጠፋብኝ ማን ያስነሳልኛል?” ብሎኝ አብሬው ሄድሁ። ከጂንካ ወይጦ ያኔ መንገዱ መንገድ አልነበረም፤ ጉድጓዱ፣ ድንጋዩ፣ የደረቁ ወንዞች አሸዋ። በየጉድጓዱ ልቤ ቀጥ ይላል፣ ሞተሩ ግን ቀጥ አይልም። አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም! ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የከብት መንጋ መንገዱን ሞልቶ መጣ። ማርቆስ አራቱን ፍሬቻ አብርቶ በመሀላቸው ቀስ እያለ አለፈ። ፈገግ ብሎ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ገና አሁን ፈገግ ማለቱ ነው።

በማግስቱ ገና በማለዳ ቃጭሉን መታው። መሪው ላይ ሆኖ ድምፁ ይብስ ጠርቶ ነበር። ሰዉ ፍየሉን እየነዳ ከየቁጥቋጦው ወጣ። ሣጥኑን ስንከፍተው በረዶው የቀረው የእጅ መዳፍ ያህል ነው፤ ክትባቱ ግን ቀዝቃዛ ነበር። እኔ ፍየል ስይዝ፣ እሱ ሲወጋ ረፈደ። አንድ የፀማይ ሽማግሌ ሁለተኛ ቋንቋው በሆነው አማርኛ ማርቆስን “ይሄ ልጅ ማነው? አዲስ ነው?” አለው።

ማርቆስ መርፌውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። እንዴት ብሎ እንደሚጠራኝ ፈራሁ። “የቃጭሉ ሠሪ ልጅ ነው” አለ።

ሽማግሌው እጄን ይዞ ወደ ራሱ ሳበኝ። “እውነት? አባት ያንተ እጅ ጥሩ ነው። የሱ ቃጭል ጅብ ሲመጣ ሩቅ ይሰማል። አባት ጤና ነው?” ከዚያ ልጆቹን፣ ወንድሞቹን እየጠራ “የቃጭል ሰው ልጅ!” እያለ አስተዋወቀኝ። እንባዬ መጣ። እኔ ጂንካ ላይ የደበቅሁትን አባት ወይጦ ላይ በእጁ ሥራ ያውቁት ኖሯል። ራሴን ናቅሁ፤ በአባቴ ደግሞ ደረቴ እስኪጠበኝ ኮራሁ። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ይሆናል፣ አትጠራጠሩ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ጂንካ ስንመለስ ማርቆስ ከተማዋን አልፎ ዳገቱን ያዘ። “ወዴት ነው ዶክተር?” አልኩት። “መልእክት አለብኝ” አለ። የገዘር ገበያ ቀን ነበር፤ መንገዱ በሰው ጢም ብሏል። ማሽላ የጫነ፣ ቅቤ የያዘ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ሁሉም የሚያልፈው በእኛ ደጅ ነው።

እንሰቱ ጋ ስንደርስ ወርጄ ልገፋው ስል “ተወው” አለኝ። ሞተሩን መንገዱ ዳር፣ የአባቴ ደጅ ፊት ለፊት አቆመው። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ እጁን ሰደደና አራቱን ፍሬቻ አበራቸው። በጠራራ ፀሐይ!

“ዶክተር፣ ባትሪው ያልቅብዎታል!” አልኩት።

“ይለቅ። እዚህ መቆሜን ሰው ይይ” አለኝ።

አየ፣ አየ! ገበያተኛው ሁሉ ቆመ። የመንግሥት ሞተር፣ የገበሬው የነእገሌ ልጅ፣ በቀጥቃጭ ደጅ፣ አራት መብራት እያብለጨለጨ! አንዲት ሴትዮ የተሸከመችውን እስክታወርድ ድረስ ቆማ አየች። ማርቆስ በቀጥታ ገብቶ አባቴ አጠገብ፣ መደቡ ላይ ተቀመጠ። “ፍየሎቹ ደህና ናቸው” አለው።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። “ጾሙስ?” አለው፤ ተንኮሉን ታውቁታላችሁ።

“ጾም አልነበረም፤ ዋሽቼ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አባቴ። አሁን ርቦኛል” አለ ማርቆስ።

እናቴ ጎደሬውን አቀረበች። ማርቆስ በሩን እንዳይዘጉት ለመናቸው። በሩ ክፍት ሆኖ፣ ገበያተኛው እያየ፣ ከአባቴ ጋር ከአንድ ሳህን በላ። ጠርጎ በላ። ጨምሩልኝም አለ። እኔ አልበላሁም። በሩ ላይ ቆሜ ፍሬቻዎቹን ስቆጥር ነበር፤ ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ፣ ድርግም።

በማግስቱ ጋራዥ ገባሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ትሪው መጣ። ደምሴ የራሱን ድርሻ በወረቀት ጠቅልሎ ወጣ። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይስተካከላል ያላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር አልበላም። እኔ ከትሪው ራቅ ብዬ ቆሜ እጄን እጠራርጋለሁ። ጋሽ ተፈራ አንዴ ጎርሰው አላመጡ፣ አላመጡና ጮኹ። “አንተ! የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ ብለህ ወጥ እስኪቀዘቅዝ ታስጠብቀኛለህ እንዴ? ና ቁጭ በል! የዋሸኸኝን ግን አልረሳውም፤ ደግሞ ከዋሸኸኝ ነው የማባርርህ።” ተቀመጥሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያለ ስርቆት ነው የበላሁት።

ወዳጆቼ፣ ይህን ሁሉ የነገርኋችሁ ለምንድን ነው? አባቴ ዛሬ የለም። መዶሻውና ትንሿ መስፍ ግን ጂንካ ሱቄ ውስጥ፣ ከመሞከሪያ አምፖሌ ጎን አሉ። ሱቄን ስከፍት ሰዎች “ዘመናዊ ስም አውጣለት” አሉኝ። እኔ “የቀጥቃጩ ልጅ የሞተር ኤሌክትሪክ” ብዬ በትልቁ አስጻፍሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ያለፈ ሁሉ ይስቅ ነበር፤ አሁን ቁልፍ የተበላሸበት ሁሉ “የቀጥቃጩ ልጅ ዘንድ ውሰደው” ይላል። ደምሴ ሳይቀር ይልካል፤ አንድ ቀን ራሱም መጥቶ ከትሪዬ ጎርሷል፣ ምንም አልተነጋገርንበትም።

እናንተም ሞተራችሁ ጉድጓድ ላይ ቀጥ ሲል ካንዴላ ለመቀየር አትሩጡ። ከባትሪ በቀጥታ የመጣውንና በቁልፍ በኩል የሚያልፈውን ለዩ፤ የትኛው በር እንደተዘጋ ያሳያችኋል። ከዚያ ደግሞ አባቴ የጠየቀውን ጠይቁ፤ ለምን ተበላ? ቁልፋችሁ ላይ የተንጠለጠለውን አውርዱት። እኔም ሁለት ዓመት አንጠልጥዬው የነበረውን ያወረድሁት ያን ጊዜ ነው።

የማርቆስ ሞተር አሁን ከአገልግሎት ውጪ ሆኖ ቢሮው ግቢ ቆሟል። ባለፈው ክረምት ፈቃድ ጠይቄ ቁልፉን ከፈትሁት። ጎማው በስብሷል፣ ታንከሩ ዝጓል፣ ሽቦው በአይጥ ተበልቷል። የአባቴ ድልድይ ግን እንደነበረች ናት። አዲስ ባትሪ ይዤ ሄጄ ነበርና ሽቦዎቹን ቀጥዬ ቁልፉን አዞርሁት። “ጠቅ” አለ፤ የቀኙም ፍሬቻ በራ።